የእሜቴ ዘር

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጉራጌ አገር፣ አታትና አካባቢው የአንድ ጎልማሳ ስም ሲነሣ የሚቀድመው ጥያቄ «የት ነው ያለው?» የሚል ነበር። የሚጠበቀው መልስ አዲስ አበባ ነው። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ሱቅ ባይኖረው የዘመድ ሱቅ የሚጠብቅ፣ እሱም ባይሆን በሊስትሮ ጀምሮ ለሱቅ የሚያጠራቅም፤ ብቻ ከአገር ወጥቶ ለመስቀል የእርድ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ። አባቴ ጎልማሳም ጤነኛም ነበር። ያውም መርካቶ ጥቂት ዓመት ነግዶ፣ ሳይከስር፣ ሱቁን ለታናሽ ወንድሙ ለቆ የተመለሰ ሰው ነው። ለምን እንደተመለሰ ለማንም አልተናገረም። እሱ ዝም ሲል አገሩ መልሱን አበጀለት፤ «ውሾቹን ትቶ መሄድ አቅቶት ነው» ተባለ።

ውሾቹም ለወሬ የሚመቹ ነበሩ። በሌላው ቤት አንድ ውሻ ደጅ ተኝቶ አላፊ አግዳሚውን ይጮኽበታል፣ ፍርፋሪ ሲጣልለት ይበላል፣ በቃ። እኛ ቤት ግን ቡችላ ሳይቆጠር ከአራት ያነሱበትን ጊዜ አላስታውስም። አባቴ ጠዋት ሲወጣ ከጀፎረው ሣር ላይ ተነሥተው ይከተሉታል። ጀፎረ ሰፊ ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚተያዩበት፣ ለቅሶም ሠርግም የሚዋልበት የሰፈሩ መንገድ ነው። ስለዚህ አባቴ ሳይታይ የሚወጣበት ቀን አልነበረም። ሴቶቹ «የውሾቹ አለቃ ወጣ» ይባባላሉ። እናቴ ትሰማለች፤ አትመልስም።

የማትመልሰው አፍራ አልነበረም። ከቤታችን ጀርባ ያለው የእንሰት ጓሮ የእሷ ነው። ወንድ ይቆፍራል፣ ይተክላል። ፍግ የምታለብሰው፣ የደረሰውን የምትለየው፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆና የምትፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ የምታብላላው፣ ቆጮውንና ቡላውን የምታወጣው ግን ሴት ናት። አንድ እንሰት ለመድረስ አራት አምስት ዓመት፣ ደጋ ከሆነ እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ይህን ሁሉ ዓመት የተጠበቀ ተክል ጃርት በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። የሚፈልገው ከመሬት ሥር ያለውን አሚቾ ነው። ቅጠሉ ለጥቂት ቀን አረንጓዴ ሆኖ ያታልላል፤ ከዚያ ተክሉ ዘንበል ይላል፣ ሲነኩት ይወድቃል። የዱር አሳማ ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ መንጋው ያደረበት ጓሮ ጠዋት በበሬ የታረሰ ይመስላል። ፍልፈል ከሥር ይመጣል፣ ዝንጀሮ ቀን ቀን ከገደሉ ይወጣል። ዛሬ የግብርና ባለሙያዎች ጃርትና ፍልፈል የሚያደርሱት ጉዳት በበሉት ብቻ እንደማያበቃ፣ የታመመውን ነክተው ወደ ጤነኛው ሲሻገሩ የእንሰት አጠውልግ በሽታን እንደሚያዛምቱ ይናገራሉ። ያኔ ይህን የሚነግረን አልነበረም፤ እናቴ ግን ጃርት የጎበኘው ጥግ ሌላውም እንሰት ሲጠወልግ አይታለች።

ስለዚህ የአባቴ የቀን ሥራ የሚጀምረው በቆጠራ ነበር። ገና ሲነጋ ከውሾቹ ጋር የጓሮውን ዳር ዳር ይዞራል፤ ተራ በተራ እያየ፣ አንዳንዱን በእጁ ገፋ እያደረገ፣ ሥሩ ዘንድ ጎንበስ እያለ። የወደቀ እሾኽ፣ የተጫረ አፈር፣ ዱካ ይፈልጋል። ሲመለስ ለእናቴ አንድ ቃል ይነግራታል፤ «ደህና ነው» ወይም «ሁለት»። «ሁለት» ያለ ቀን ውሾቹ ቁርስ አያገኙም፤ የጠገበ ውሻ ሽታ አይከተልም ይላል።

ዋነኛዋ ውሻ እሜቴ ነበረች፤ ዳማ፣ ደረቷ ሰፊ፣ ዝምተኛ። እናቴ ስሙን አልወደደችውም። «በዚህ ቤት ማን እሜቴ እንደሆነ ሳይታወቅ ለውሻ ተሰጠ» ትል ነበር። የአባቴ ስም አወጣጥ እንዲህ ነው፤ በአገራችን በውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት መላክ የተለመደ ስለሆነ በአፉ የማይመልሰውን በውሾቹ ይመልሳል። አንዱ ወንድ ውሻ «ምንቸገረኝ» ይባላል። ማታ ማታ የአዲስ አበባ ዘመድ ያላቸው ሰዎች ጀፎረው ላይ ተቀምጠው የማን ልጅ ስንት እንደላከ ሲያወሩ፣ አባቴ ደጅ ቆሞ «ምንቸገረኝ! ና ምንቸገረኝ!» ብሎ ይጣራል። ቡሬ የሚባለውም ነበር፤ እሱ ነጭና ጥቁር ስለሆነ እንጂ ለማንም አልታሰበም።

ቡችላ ሲመርጥ ማየት እወድ ነበር። ዓይናቸው ከተገለጠ በኋላ አንድ በአንድ አንሥቶ አፋቸውን ይከፍታል፤ ላንቃው ጥቁር የሆነ ልበ ሙሉ ነው ብሎ ያምናል። ከዚያ ከእናታቸው ርቀው መሬት ላይ ያስቀምጣቸዋል። እያለቀሰ የሚዞረውን ይተወዋል፤ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ አቅጣጫ የሚፈልገውን ይይዛል። አገሩ ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ጆሮውን ይቆርጣል፤ አባቴ የአንዱንም ቆርጦ አያውቅም። «ሌሊት የሚሠራ በጆሮው ነው የሚኖረው» ነበር መልሱ። ምግባቸው የእናቴ ትራፊ ቆጮና አጓት ነው። ለመስቀል አጥንት ሲበዛ እንኳ አባቴ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይሰጣል፤ አብረው ሲያድኑ እንዳይጣሉ አብረው አያበላቸውም።

የተረፈውን ቡችላ አይሸጥም፤ ይሰጣል። ውሻ መሸጥ በእኛ አካባቢ ነውር ነበር፤ ተቀባዩ ቢያፍር ጫጩት ወይም አንድ ጣሳ ገብስ ያመጣል። አባቴ ግን ከመስጠቱ በፊት ይመረምራል። ስንት እንሰት አላችሁ? ማታ ታስሩታላችሁ? ሚስትህ ውሻ ትወዳለች? የመርካቶ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ። ለመስቀል የመጣው አጎቴ አንድ ጊዜ ክትፎ እየበላን «ጋሼ፣ ነጋዴ ሆነው በነፃ ያድላሉ? ጃንሆይ እንኳ ሉሉ የሚባል ውሻ አላቸው፤ እጃቸው ላይ የሚይዙት ትንሽ። እንዲህ ያለውን ቢያረቡ ፈረንጅ ይገዛዎት ነበር» አለ። አባቴ ስለ ሉሉ ደጋግሞ ጠየቀው። ቁመቱን፣ ጆሮውን፣ የሚበላውን። ሁሉንም ከሰማ በኋላ «ቤተ መንግሥቱ ጃርት የለበትም ማለት ነው» ብሎ ጉርሻውን ቀጠለ።

አደን መጀመሪያ የወሰደኝ ለጃርት ነበር። ጠዋት «አንድ» ብሎ ተመለሰ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ተነሥ» አለኝ። እሜቴ ፊት፣ እኛ ኋላ፣ ምንቸገረኝና ቡሬ ዳር ዳር። አንዳቸውም ድምፅ የላቸውም። ዱካ ላይ የሚጮኽ ውሻ አባቴ ዘንድ አይውልም፤ ጩኸት የሚፈቀደው አውሬው ከተገኘ በኋላ ነው። ከጓሮዎቹ ወጥተን፣ የግጦሹን መስክ አቋርጠን፣ ውሃ የበላው ገደል አፋፍ ላይ ደረስን። እሜቴ አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ አባቴን አየችው። እሱ ወዲያው አልመጣም። ዙሪያውን ዞረ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አፍ አገኘ። ጃርት አንድ በር ያለው ቤት አይቆፍርም። ሁለቱን በድንጋይና በእሾኽ ዘጋን፤ በሦስተኛው ጭድ አጨስን። ያኔ አባቴ ሹክ ብሎ የነገረኝ ዛሬም አይጠፋኝም፤ «ሰው ጃርት እሾኹን ይወረውራል ይላል፤ አይወረውርም። ወደ ኋላው ይሮጥብሃል። ስለዚህ ከኋላው አትቁም።»

የመጀመሪያው ነገር ድምፅ ነበር፤ የጅራቱ እሾኾች ሲንቋቁ። ከዚያ ጥቁርና ነጭ ነገር ጭሱን ሰንጥቆ ወጣና ከመቅጽበት ጀርባውን ሰጠን። ቡሬ ወጣት ስለነበረ ዘለለበት፤ ጮኾ ተመለሰ። እሜቴ አልዘለለችም። ፊት ለፊቱ ሆና እየጮኸች ጭንቅላቱን ወደ እሷ እንዲያዞር አስገደደችው። ሲዞር ምንቸገረኝ ከዳር፤ ሲመለስ እሷ። በዚህ መሐል የአባቴ ጦር ገባ። ማታ እናቴ ቡሬን በጉልበቷ መሐል ይዛ፣ ከትከሻውና ከአፍንጫው ላይ እሾኹን በወረንጦ አንድ በአንድ ነቀለች፤ ቁስሉን በጨው ውሃ አጠበች። እያጠበች ትሰድበዋለች፤ ስድቡ ግን ለልጅ የሚሰደበው ዓይነት ነው። «የውሾቹ አለቃ» ሲባል ለምን ዝም እንደምትል የገባኝ ያን ማታ ነው። ሁለቱ አብረው ነበር የሚያድኑት።

ጎረቤቶቻችን ውሻውን ቢንቁም አደኑን አልናቁም። የዱር አሳማ የገባ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ደጅ ይመጣል፤ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም። ሥጋውን ማንም ስለማይበላው ክፍፍል የለም፣ ጠብም የለም። አንድ ሽማግሌ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ብለው ተረቱና አባቴን ሊነኩት ሞከሩ። አባቴ «ውሻ በሌለበትም ጃርት ይገባል፣ አባ» ብሎ መለሰላቸው። በነጋታው ልጃቸው ቡችላ ሊጠይቅ መጣ። አባቴም ያለ ቂም፣ የተለመደውን ጥያቄ ሁሉ ጠይቆ፣ ሰጠው።

በ1965 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል እሜቴ ድምፅዋ ተለወጠ። ጩኸትዋ ቀጥኖ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ሆነ። አባቴ ይህን የሰማው ከሁላችን በፊት ነው። ጠዋት ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት አሰራትና ማንም እንዳይጠጋት አዘዘ። ከሰዓት በኋላ ገመዱን በጥሳ ጓሮ ገባች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንሰቱ ሥር ቆማ አየኋት፤ አፏ አረፋ ነበረበት፣ ምራቋ ይዝረበረባል። ስሟን ጠራሁ። አላወቀችኝም፤ ክንዴን ነክሳ አለፈች።

አባቴ ሲደርስ ብዙ አልጠየቀም። ጦሩን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ተሸክሞኝ ወደ ሆስፒታሉ ሮጠ። የአታት ሆስፒታል ያኔ አዲስ ነው፤ የካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ነው የከፈቱት። ሰው ለወሊድ፣ ለወባ፣ ለስብራት ከሩቅ ይመጣበታል። የተቀበለችን ሲስተር ክንዴን ውሃ ሥር አድርጋ በሳሙና አጠበችው፤ አበቃች ስል እንደገና፣ አበቃች ስል እንደገና። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት እንደሌለው፣ ከመጀመሩ በፊት ግን ክትባት እንዳለው፣ ክትባቱም አዲስ አበባ ፓስተር በሚባለው የሕክምና ተቋም እንደሚሰጥ ለአባቴ ነገረችው። የውሻዋ ጭንቅላት ቢደርስ እዚያ እንደሚመረመርም ጨመረች። ቤት ስንደርስ አንዳንድ ዘመዶች ቅጠል የሚሰጥ መድኃኒተኛ እንዳለ ነገሩን። አባቴ «ቀን አናባክንም» ብቻ አለ።

ያን ሌሊት ከባዱን ሥራ ሠራ። ምንቸገረኝ፣ ቡሬና ሌሎቹ ከእሜቴ ጋር ሲያድሩ የሰነበቱ ናቸው፤ ማን እንደተነከሰ አይታወቅም። አንድ ሰው በዱላ ልርዳህ አለው፤ ሌላው ሥጋ ላይ መርዝ ማድረግ ይቀላል አለው። ሁለቱንም እንቢ አለ። ከቤት ሆኜ የሰማሁት ስማቸውን አንድ በአንድ እየጠራ ሲያስመጣቸው ነው። ፋኖስ ይዛ የቆመችለት እናቴ ናት።

ጎሕ ሳይቀድ ወልቂጤ ለመድረስ ወጣን። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። የእሜቴን ጭንቅላት በእንሰት ቅጠል ደራርቦ ጠቅልሎ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎት ነበር። በጅማ መንገድ በወሊሶ አድርጎ የሚሄደው አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጉራጌ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ቅቤ ወይም ቆጮ ነው፤ ሌላ የሚገምት የለም። አጠገባችን የተቀመጡት እናት ቆርቆሮውን እያዩ «ለልጆች ነው? የዘንድሮ ቅቤ እንዴት ነው?» አሉት። አባቴ «ደህና ነው» አለ። በደህና ቀን ጠዋት ለእናቴ የሚላት ቃል ነው። እስከ ሰበታ ድረስ ቆርቆሮውን ከጉልበቱ ላይ አላወረደም።

የፓስተር መርፌ ሆድ ላይ ነው የሚወጋው፤ በየቀኑ፣ ከሁለት ሳምንት ለማያንስ ጊዜ። ከጥቂት ቀን በኋላ እሜቴ በሽታው እንደነበረባት ነገሩን። ማደሪያችን መርካቶ፣ አባቴ ራሱ ይነግድበት ከነበረው ሱቅ ጀርባ ነው። ጠዋት ጉለሌ፣ ወደ ፓስተር እንወጣለን፤ ከሰዓት አባቴ ሱቅ ውስጥ ይቆማል። የድሮ ደንበኞቹ አወቁት። ክር፣ መርፌ፣ ሳሙና፣ ፋኖስ ይሸጣል፤ ሲያስማማ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ግን ገዢው ይዞ ይሄዳል። ማታ መዝጊያው ሲወርድ አጎቴ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ይቆጥራል፤ ሳንቲሙን በሳንቲም፣ ብሩን በብር። እንዲያ ሲያደርግ አባቴ የሚቀመጠው ወደ በሩ ዞሮ ነው።

ሌሊት የመርካቶ ባለቤት አልባ ውሾች ሲጮኹ ይነቃል። እኔም ሆዴን አሞኝ ስለማልተኛ እሰማዋለሁ። «ያ ዘበኛ ለምዷል፤ ለእሱ ነው የሚጮኽለት» ይለኛል በጨለማ። «ያቺ ቡችላ አላት። ያኛው ግን ፈርቶ ነው።» ስለ እሜቴ አንድም ጊዜ አላነሣም።

ክትባቱ ሊያልቅ ሲል አጎቴ ነገሩን አወጣው። «ጋሼ፣ እንግዲህ ውሾቹም አልቀዋል። የሚይዝዎት ነገር የለም። ሱቁ ለሁለታችን ይበቃል፤ ልጁም እዚህ ይማራል። ይቅሩ።» እኔ ደስ አለኝ፤ መብራት ያለበት ከተማ አይቼ ነበር። አባቴ ትንሽ አሰበና «ክረምት ገብቷል። ጓሮው ሰው የለውም» አለ። የመጨረሻው መርፌ በተወጋ ማግስት አውቶቡስ ተራ ነበርን።

አታት ላይ ነገሩን ማመን ያቃታቸው ነበሩ። ውሻ ነው የያዘው ሲሉት የነበረ ሰው፣ አንድም ውሻ ሳይኖረው፣ ከመርካቶ ተመልሶ መጣ። አባቴ በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ብቻውን ጓሮውን ዞረ። ተመልሶ ለእናቴ የነገራት ቁጥር ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነበር። ያ ክረምት የጃርት ሆነ፤ በእኛ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶቻችንም። ሴቶቹ ጓሯቸውን ሲያዩ «የውሾቹ አለቃ» ማለታቸውን ተዉ፤ «አሁን ማን ያድነን» ማለት ጀመሩ። አባቴ እሳት እያነደደ፣ ቆርቆሮ እየመታ በጓሮው ያድር ነበር። ጃርቱ ድምፁን ለመደው።

ለመስቀል ሰው ሁሉ ሲመጣ ከእምድብር በኩል አንድ ገበሬ ደጃችን ቆመ። ከጋቢው ሥር ቡችላ አወጣ። ከዓመታት በፊት አባቴ በነፃ የሰጠው ውሻ የእሜቴ ልጅ ነበረች፤ ይህ የእሷ ልጅ ነው። «ሰማሁ» አለ፤ ሌላ አልተናገረም። ከሰንበት በኋላ ሌላ ሰው ሌላ ይዞ መጣ፤ ያን ጊዜ የተረቱት ሽማግሌ ልጅ ነው። አባቴ ሁለቱንም አፋቸውን ከፍቶ ላንቃቸውን አየ፤ መሬት ላይ አስቀመጣቸው። አጎቴ ይህን ቆሞ እያየ «ጋሼ፣ ዋናዎ ተመለሰ» ብሎ ሣቀ። አባቴም ሣቀ፤ በንግድ ቋንቋ ሲሥቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከእምድብር የመጣውን «ቀረሁ» ብሎ ሰየመው። ያን መስቀል፣ ጀፎረው ከአዲስ አበባ በመጡ ሰዎች ሞልቶ ሳለ፣ አባቴ ደጅ ቆሞ «ቀረሁ! ና ቀረሁ!» እያለ ተጣራ። መልእክቱ ያልገባው ማንም አልነበረም።

ዛሬ እንዲህ ያለ አደን በፈቃድ ነው። የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ውሻ ያለው ሰውም ማሰር ብቻ ሳይሆን ማስከተብ እንዳለበት ይነገራል፤ ይህን ከአባቴ በላይ የሚደግፍ አይኖርም ነበር። በአገራችን በብዙ ጓሮ የእንሰቱን ቦታ ጫትና ባሕር ዛፍ ወስደውታል። ጃርት ጫት አይበላም፤ ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ጓሮውን የሚዞር ሰው እየቀነሰ ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኋት፤ ውሾቹ ካልሆኑ ከመርካቶ ምን መለሰው? ቡላ እያገነፋች ነበር። «እዚያ ማታ ገንዘብ ይቆጥራሉ» አለችኝ። «አባትህ ጠዋት እንሰት መቁጠር ነበር የሚወደው። ገንዘቡ ሰው ያመጣልህ ነው፤ እንሰቱ አንተ ያቆየኸው ነው ይል ነበር።» ከዚያ አጎንብሳ የእኔን ድርሻ አወጣች። እኔ ትምህርቴን እንደጨረስኩ መርካቶ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ማታ ከሚቆጥሩት አንዱ። አባቴ በዚህ አልወቀሰኝም። ለመስቀል በመጣሁ ቁጥር ግን በማግስቱ ሳይነጋ ይቀሰቅሰኝና፣ ከኋላ የ«ቀረሁ» ዘር እየተከተለን፣ አብሬው ጓሮውን አስቆጥሮኝ ነበር የሚሸኘኝ።